ቀሚሷ በአንድ ወገን የሚረዝም ልጅ

በዚህ እትም የጤና ዓምዳችን የምናነሣው ጉዳይ ብዙዎቻችሁ ከአገር ቤት በስልክ የምትሰሙት ነው። ለአያት ወይም ለእኅት አደራ የተሰጠች ልጅ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላት ድንገት ትመዘዛለች። በዚያው ሰሞን «ልጅቷ ስትሄድ ወደ አንድ ጎን ታዘነብላለች»፣ «አንዱ እግሯ ያጠረ ይመስላል»፣ «የላክሽላት ቀሚስ በግራ በኩል ይረዝማል» የሚል ወሬ ይመጣል። እናት ሩቅ ናት፣ በዐይኗ አላየችም። መጀመሪያ የሚታሰበው እግር ስለሆነ ጫማ ይላካል፣ ወጌሻ ይጠራል፣ እግር ይታሻል። ብዙ ጊዜ ግን ችግሩ ያለው እግሯ ላይ ሳይሆን ከፍ ብሎ ጀርባዋ ላይ ነው፤ በእግር ሲደከም ደግሞ ጀርባው ሊታይ የሚገባው ጊዜ ያልፋል። ዛሬ ልንነግራችሁ የምንፈልገው ዋናው ነገር ይህ ነው።

የሰው የጀርባ አጥንት ከኋላ ሲታይ እንደ ግንበኛ ቱንቢ ቀጥ ብሎ መውረድ አለበት። ወደ ጎን ሲጣመም ሐኪሞች ስኮሊዮሲስ ይሉታል። በራጅ ተለክቶ መጣመሙ 10 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን ነው ይህ ስም የሚሰጠው። በጉርምስና ዕድሜ ካሉ 100 ልጆች መካከል በ2 ወይም በ3ቱ ላይ ይገኛል፤ ስለዚህ ብርቅ ነገር አይደለም። ትንሹ መጣመም በወንዶችም በሴቶችም ላይ ተቀራራቢ ነው። እየጨመረ ሄዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ግን በአብዛኛው በሴቶች ልጆች ላይ ነው።

ከምን መጣ? ከ10ሩ በ8ቱ ያህል ልጆች ላይ ምክንያቱ አይታወቅም። በቤተሰብ ውስጥ የመደጋገም ጠባይ አለው፤ እናቷ ወይም አክስቷ የነበረባት ልጅ ላይ የመታየት ዕድሉ ከሌላው ከፍ ይላል። ነገር ግን በጀሪካን ውኃ በመሸከም፣ በከባድ የደብተር ቦርሳ፣ በተጣመመ አልጋ ላይ በመተኛት ወይም አጎንብሶ በመቀመጥ የሚመጣ በሽታ አይደለም። ይህን አጥብቀን የምንናገረው በምክንያት ነው። «እኔ ብኖር ኖሮ ውኃ አያሸክሟትም ነበር» ብላ ሌሊቱን ስታለቅስ የምታድር እናት እንዳለች እናውቃለን። ከሩቅ ሆና አያትን የምትወቅስም አለች። እኅቶቻችን፣ ጀርባዋ የተጣመመው እናንተ ስለሄዳችሁ አይደለም፤ አያቷ ስላዘዙዋትም አይደለም።

እግሯ ለምን ያጠረ ይመስላል?

ዳሌን በሁለት እጅ እንደተያዘ ትሪ አስቡት። ሁለቱ እጆች ሁለቱ እግሮች ናቸው። በትሪው ላይ ተደራርበው የቆሙት ስኒዎች ደግሞ የጀርባ አጥንቶች ናቸው። ስኒ ተደራርቦ የያዘች ሴት የምታውቀው ነገር አለ፤ ክምሩ ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብል ትሪውን ሳታስበው ታዘነብለዋለች። ትሪው ካዘነበለም ክምሩ ዝም ብሎ አይቆምም። አንዱ ሌላውን ይስባል።

በልጅቷም ላይ የሚሆነው ይኸው ነው። በተለይ መጣመሙ ታች ወገብ ላይ ሲሆን ዳሌዋ በአንድ በኩል ከፍ፣ በሌላው ዝቅ ይላል። ከፍ ባለው በኩል ያለው እግር አብሮ ወደ ላይ ስለሚሳብ ያጠረ ይመስላል። ልጅቷ ይህን ለማካካስ አንዱን ጉልበቷን በጥቂቱ ታጥፋለች፣ ወይም አንዱን እግሯን ወደ ውጭ ትመልሳለች። ያን ጊዜ የቀሚሱ ጫፍ እኩል አይወርድም፣ የጫማው ተረከዝ በአንድ ወገን ቀድሞ ያልቃል፣ መቀነትም ሆነ ቀበቶ ዘንበል ይላል። የሁለቱ እግሮች አጥንት ግን ቢለካ እኩል ነው።

ተቃራኒውም አለ። በስብራት፣ በልጅነት በያዘ ሕመም ወይም ከተፈጥሮ አንዱ እግር በእውነት ሲያጥር ዳሌ ይዘነብላል፣ ጀርባም እሱን ተከትሎ ይጣመማል። ይህኛው የጀርባ በሽታ አይደለም፤ ጀርባው የሚጣመመው እግሩን ተከትሎ ብቻ ነው። ሁለቱን ለመለየት የሚረዳ ቀላል ነገር አለ። ልጅቷን እግሯ እኩል እንዲያርፍ አድርጎ በጠፍጣፋ በርጩማ ላይ ማስቀመጥና ጀርባዋን ማየት ነው። ስትቀመጥ እግር ከሥራ ውጭ ይሆናል። ስትቀመጥ ጀርባዋ ቀጥ ካለ ነገሩ ከእግር ሊሆን ይችላል። ተቀምጣም ከተጣመመ ከራሱ ከጀርባው ነው። ሐኪም ደግሞ ባጠረው እግር ሥር ቀጫጭን ጣውላ እየደረበ ዳሌው እኩል እስኪሆን ድረስ ይለካል።

የሁለት እግሮች ርዝመት በጥቂቱ መለያየት በብዙ ጤነኛ ሰው ላይ ያለ ነገር ነው፤ እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ ሕክምና አያሻውም ወይም በጫማ ውስጥ በሚገባ ማንሻ ይስተካከላል። የዓለም ፈጣኑ ሯጭ ዩሴን ቦልት ስኮሊዮሲስ እንዳለበት፣ ቀኝ እግሩም ከግራው በአንድ ሴንቲ ሜትር ከግማሽ ያህል እንደሚያጥር በይፋ የተነገረ ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. አንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሩጫውን ፊልም መርምረው ሁለቱ እግሮቹ መሬት የሚመቱት በእኩል ኃይል እንዳልሆነ አግኝተዋል። ይህ ሰው 100 ሜትርን በ9.58 ሰከንድ የሮጠው በዚሁ ጀርባና በእነዚሁ እግሮች ነው።

ሶል ወይም ከፍ ያለ ጫማ ገዝታችሁ በሰው ከመላካችሁ በፊት ግን ቆም በሉ። ዳሌዋ የተዛባው በጀርባዋ ምክንያት ከሆነ አንዱን ጫማ ማንሣት ሚዛኗን ይበልጥ ሊያዛባው ይችላል። ማንሻ የሚታዘዘው ከተለካ በኋላ ነው።

ሚዛን

ሰውነት ዐይን አድማሱን እኩል እንዲያይ፣ ጭንቅላትም በዳሌ መካከል ላይ እንዲቆም ይፈልጋል። ስለዚህ ጀርባ ላይ አንድ ቦታ ወደ ቀኝ ሲጣመም ከሱ በላይ ወይም በታች ወደ ግራ የሚመለስ ሌላ መታጠፍ ይፈጠራል። ጀርባው እንደ እባብ መንገድ ይሆናል፤ ልጅቷ ግን ለብሳ ስትቆም ቀጥ ያለች ትመስላለች። በቤት ያሉ ሰዎች ለረጅም ጊዜ ሳያውቁ የሚቀሩት በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ማካካሻ በቂ ሳይሆን ሲቀር ደረቷ በጠቅላላ ወደ አንድ ጎን ይሸሻል። አንዱ ክንዷ ከወገቧ ራቅ ብሎ ይንጠለጠላል፣ ሌላው ከጎኗ ጋር ይጣበቃል። ከአንገቷ ሥር ቱንቢ ቢጣል በመቀመጫዋ መካከል አይወርድም።

የሰውነትን መወዛወዝ በሚለካ ሠሌዳ ላይ ሲያቆሟቸው ስኮሊዮሲስ ያለባቸው ልጆች ከእኩዮቻቸው ይልቅ የመወዛወዝ ጠባይ ታይቶባቸዋል፤ ዐይናቸውን ሲጨፍኑ ደግሞ ልዩነቱ የበለጠ ሊጎላ ይችላል። በአረማመዳቸው ላይ የተደረጉ ጥናቶችም የወገብና የዳሌ ጡንቻዎቻቸው በእያንዳንዱ እርምጃ ከተለመደው በላይ ረዘም ላለ ጊዜ እንደሚሠሩ አሳይተዋል። እንዲህ ያለች ልጅ ብዙ ስትራመድ ቶሎ ደከመኝ ብትል ስንፍና ነው አትበሏት።

ይህ ሁሉ በመሣሪያ ሲለካ የሚታይ ነው። በዕለት ተዕለት ኑሮዋ ግን ትሮጣለች፣ ትዘላለች፣ እስክስታ ትመታለች። ከስፖርት ክፍለ ጊዜ ማስቀረት ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። በግልጽ የምታነክስ፣ ደጋግማ የምትወድቅ ወይም አንድ እግሯ የሚከዳት ልጅ ከሆነች ግን «ጀርባዋ ስለተጣመመ ነው» ብሎ መተው አይገባም፤ ተራው ስኮሊዮሲስ እንዲህ አያደርግምና። አንዱ እግር ከሌላው ከሳሳ፣ እግር ከደነዘዘ፣ የውስጥ እግሯ እየጎበጠ ከመጣ፣ ሽንት መቆጣጠር ካቃታት፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ የጀርባ ሕመም ካለ ነገሩ ከኅብለ ሰረሰር ነርቭ ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮ ሳይጠበቅ ሐኪም ዘንድ መድረስ ያስፈልጋል።

በአገራችን ከዚህ ጋር የሚምታታ ሌላ ሕመም አለ፤ የጀርባ አጥንት ሳንባ ነቀርሳ። ይህ ወደ ጎን መጣመም ሳይሆን በጀርባ መካከል ሾል ብሎ የሚወጣ ጉብታ ያመጣል። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ መክሳትና የማይለቅ የጀርባ ሕመም አብረውት ሊኖሩ ይችላሉ፤ ሲብስ እግርን ያሽመደምዳል። ይህኛው በመድኃኒት የሚድን ነው፤ መድኃኒቱም በመንግሥት ጤና ተቋማት በነጻ ይሰጣል። ጉብታውን በእሽት ለመመለስ መሞከር ግን አደገኛ ነው። ወጌሻን የምናከብረው ለወለምታና ለውልቃት ነው፤ በጀርባ አጥንት ላይ ግን አይግባ።

በስልክ እንዴት ይታያል?

ዘዴው ዊልያም አዳምስ ከሚባል የ19ኛው መቶ ዘመን እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም የተወረሰ ነው፤ እስከ ዛሬ ሐኪሞች ይሠሩበታል፣ ገንዘብም አይጠይቅም። ልጅቷ በብርሃን ቦታ ጀርባዋን ገልጣ፣ ባዶ እግሯን፣ እግሮቿን ገጥማ፣ ጉልበቷን ሳታጥፍ ትቆማለች። ሁለት መዳፎቿን አጋጥማ ወደ መሬት ቀስ ብላ ታጎነብሳለች። የሚያያት ሰው ከኋላዋ ዝቅ ብሎ ዐይኑን ከጀርባዋ እኩል ያደርጋል። የሁለቱ ወገን ጎድን እኩል ከሆነ ደኅና ነው። አንዱ ወገን እንደ ጉብታ ከፍ ካለ ሐኪም ይያት። ጀርባው ወደ ጎን ብቻ ሳይሆን እንደ ተጨመቀ ልብስ ስለሚጠመዘዝ ጎድኖቹን ወደ ኋላ ይገፋቸዋል፤ ቆማ ያልታየው ስታጎነብስ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው።

ሴት ልጅ በ10 እና በ12 ዓመቷ፣ ወንድ ልጅ በ13 ወይም በ14 ዓመቱ እንዲታይ ይመከራል። ሴቷ ቀድማ ስለምታድግ ቀድማ ትታያለች። ስትደውሉ «ደኅና ናት ወይ?» ብቻ ብላችሁ አትዝጉ። «እማዬ፣ እስቲ አስጎንብሰሽ ጀርባዋን እዪልኝ፤ ትከሻዎቿ እኩል ናቸው? ወገቧ በሁለቱም በኩል እኩል ይሰረጉዳል?» ብላችሁ ጠይቁ። የወር አበባ ማየት ጀምራ እንደሆነም ጠይቁ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ ከሚጠይቃቸው ነገሮች አንዱ ነው። የወር አበባ ካልመጣ ገና ብዙ ዕድገት ይቀራታል ማለት ነው፤ ዕድገት ሲቀር ደግሞ መጣመሙም የመጨመር ዕድል አለው።

በዋትሳፕ ወይም በኢሞ ፎቶ ማየት ከፈለጋችሁ ጀርባዋ ብቻ ይነሣ፣ ፊቷ አይግባ፣ ልጅቷም ትፍቀድ። ካያችሁ በኋላ ከሁለቱም ስልክ ይጥፋ። በዚህ ዕድሜ ያለች ልጅ ስለ ሰውነቷ ምን ያህል እንደምታፍር እናንተ ታውቃላችሁ። ቢቻል የምታያት ሴት ትሁን፤ እንደ ምርመራ ሳይሆን እንደ ጨዋታ ይሁን።

ደግሞ አትርሱ፣ በየቤቱ ያሉትን ልጆች ገላ የምታጥቡት፣ የትምህርት ቤት ልብስ የምታለብሱት፣ ቀሚስ የምታሳጥሩት እናንተ ናችሁ። የማዳም ልጅ ላይ ይህን ብታዩ ከሁሉ ቀድማችሁ ያያችሁ እናንተ ልትሆኑ ትችላላችሁ። የበሽታ ስም ሳትጠሩ፣ ልጅቷ በሌለችበት ለእናቷ «ማዳም፣ ዳህር ኢልቢንት ሚሽ መዝቡጥ፣ ሹፊ» ማለት ይበቃል። አትሹት፣ አትጫኑት። ከዚያ በኋላ ያለው የወላጆቿ ድርሻ ነው።

ሐኪም ዘንድ ሲደረስ

አገር ቤት ያለው ቤተሰብ የመጀመሪያው ወጪ ራጅ ነው። ቆማ፣ ከአንገት እስከ ዳሌ የሚነሣ ራጅ እንጂ ተኝታ የተነሣ ቁራጭ ራጅ መጣመሙን በትክክል አያሳይም። ይህን ቀድማችሁ ብታውቁ ሁለት ጊዜ ከመክፈል ትድናላችሁ። በሪፖርቱ ላይ ዲግሪው ስንት እንደሆነ ጠይቃችሁ በደብተራችሁ ጻፉት፤ ከስድስት ወር በኋላ የሚነሣው ከዚያ ጋር ነው የሚወዳደረው። የቀድሞው ራጅ አይጣል።

ከ20 ወይም 25 ዲግሪ በታች ከሆነ ብዙ ጊዜ በየአራት እስከ ስድስት ወሩ መከታተል ብቻ ነው። ከ25 እስከ 40 ሆኖ ልጅቷ ገና የምታድግ ከሆነ ብሬስ ይታዘዛል። ብሬስ በሰውነቷ ልክ የሚሠራ ጠንካራ የፕላስቲክ መደገፊያ ነው። ከሱቅ ወይም ከማስታወቂያ የሚገዛው የላስቲክ የጀርባ ቀበቶ ይህ አይደለም። ጀርባን ቀጥ ያደርጋል እየተባለ የሚሸጠውን ገዝታችሁ አትላኩ፤ የተጣመመ አጥንት አያቀናም፣ ገንዘቡ ለራጁ ይሁን።

ብሬስ ይሠራል ወይ ለሚለው ጥያቄ ከሁሉ የጠራው መልስ የተገኘው በ2013 እ.ኤ.አ. በአሜሪካና በካናዳ በ25 ሆስፒታሎች ተካሂዶ በወጣው ጥናት ነው። ብሬስ ካደረጉት ልጆች በ72 በመቶዎቹ መጣመሙ ቀዶ ሕክምና እስከሚያሰጋው 50 ዲግሪ ሳይደርስ ዕድገታቸው አልቋል። ያለ ብሬስ ከተጠበቁት እንዲህ የሆነው በ48 በመቶዎቹ ነው። ልዩነቱ ብዙ ልጆች ሊጎዱ በሚችሉበት ሁኔታ መቀጠል ተገቢ ስላልሆነ ጥናቱ ከታሰበለት ጊዜ ቀድሞ ተቋረጠ። በቀን 13 ሰዓት ያህልና ከዚያ በላይ ካደረጉት መካከል የተሳካላቸው ከ90 በመቶ በላይ ናቸው። ከእነዚህ ቁጥሮች ሁለት ነገር እናያለን። ያለ ብሬስም ግማሽ ያህሉ አይብስባቸውም። ብሬሱ ደግሞ የሚጠቅመው ሲለበስ ነው፤ አልጋ ሥር ተጥሎ አይደለም።

አስቸጋሪው ይኸው ነው። ይሞቃል፣ ቆዳ ይልጣል፣ በክፍል ውስጥ ያሳፍራል። ጥሩ ነገር መላክ የምትፈልግ እናት ስፌቱ ቆዳ የማይቆረቁር፣ ጠበቅ ያለ የጥጥ ካናቴራና ከላይ የሚለበስ ሰፋ ያለ ሹራብ ትላክ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ማታ ደውሎ «ዛሬ ስንት ሰዓት አደረግሽው?» ብሎ በቁጣ ሳይሆን በፍቅር መጠየቅ ነው። ለዚህ በሽታ ተብሎ በፊዚዮቴራፒ ባለሙያ የሚሰጥ ስፖርትም ሊያግዝ ይችላል፤ የብሬስ ምትክ ግን አይደለም።

ከ45 ወይም 50 ዲግሪ ካለፈ ቀዶ ሕክምና ይታሰባል፤ አጥንቱ በብረት ዘንግና በብሎን ተደግፎ እንዲያያዝ ይደረጋል። ትልቅ ሕክምና ነው። በአዲስ አበባ ለብዙ ዓመታት የሠሩት አሜሪካዊው ሐኪም ዶክተር ሪክ ሆድስ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጀርባቸው እጅግ የተጣመመ ኢትዮጵያውያን ልጆችንና ወጣቶችን ወደ ጋና፣ ወደ ቀዶ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ኦሄኔባ ቦአቺ-አጄይ ሲልኩ ቆይተዋል። ብዙዎቹ እጅግ ዘግይተው፣ አንዳንዶቹም ትንፋሽ እስኪያጥራቸው ድረስ ቆይተው የመጡ ነበሩ። በሳንባ ነቀርሳ የጎበጡም ነበሩባቸው።

ከእናንተ መካከል ይህን ስታነቡ የራሳችሁን ትከሻ በመስተዋት የምታዩ እንደምትኖሩ እንገምታለን። ዕድገት ካበቃ በኋላ ከ30 ዲግሪ በታች የሆነ መጣመም እምብዛም አይጨምርም። ከ50 በላይ የሆነው ግን በዓመት አንድ ዲግሪ ያህል ሊጨምር ስለሚችል በየጊዜው መታየት አለበት። «እንዲህ ያለች ሴት አትወልድም» የሚባለው እውነት አይደለም፤ ስኮሊዮሲስ ያለባቸው ሴቶች አብዛኞቹ እንደማንኛዋም ሴት ያረግዛሉ፣ ይወልዳሉ። ጀርባዋን የተጣመመች ወይም ታች ወገቧን ቀዶ ሕክምና የተደረገላት ሴት ግን ለመውለድ ስትገባ ይህንኑ ለሐኪሙ አስቀድማ ትንገር፤ በወገብ የሚሰጠውን የማደንዘዣ መርፌ ለመውጋት ሊያስቸግር ስለሚችል ሌላ መንገድ እንዲያዘጋጁላት ነው።